«ዝርዝሩ ውስጥ የለም»፦ የአክሰስ ፎርም ስም አልቀበል ሲል ምን ይደረጋል?

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን አንዱ «ይጁቤ»፣ ሌላው «የጁቤ» ብሎ ይጽፈዋል። ደብዳቤ ለሚጻጻፉ ሰዎች ይህ ምንም ችግር የለውም። ኮምፒውተር ግን ሁለቱን እንደ ሁለት ከተማ ይቆጥራቸዋል። ዛሬ የምጽፈው ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር ስለምታስከትለው ጣጣና ስለ መፍትሔው ነው።

እዚያው ይጁቤ የሚኖር የአክስቴ ልጅ የዕድር ጸሐፊ ነው። የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ማይክሮሶፍት አክሰስ አዛውሮ ወርኃዊ መዋጮውን በፎርም ይመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ የአባል ስም ስጽፍ ዝርዝሩ ውስጥ የለም እያለ አስቸግሮኝ ነበር፤ አንድ ልጅ ገደቡን አጥፋው ብሎኝ አጠፋሁት፤ አሁን ሁሉንም ይቀበላል» አለኝ። እኔም ጎበዝ አልኩት። ጥፋቱ የእኔም ነበር ማለት ነው።

ከዓመት በኋላ አንድ አባል ሞተ። ለአብነት ገብረ ሥላሴ እንበለው። ባለቤቱ የዕድሩን ገንዘብ ልትቀበል ስትሄድ «የ5 ወር ውዝፍ አለበት» ተባለች። ሰውዬው ግን 12ቱንም ወር ከፍሏል። የ7ቱ ወር በ«ገብረ ሥላሴ»፣ የ5ቱ ወር ደግሞ በ«ገ/ስላሴ» ተመዝግቦ ነበር። የድሮው ደረሰኝ ባይገኝ ኖሮ ሴትዮዋ በሐዘኗ ላይ ባለ ዕዳ ትሆን ነበር። ገደቡ በቦታው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው አጻጻፍ ከመጀመሪያውም አይገባም ነበር።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

በአክሰስ ፎርም ላይ ቀስቱን ስንጫን የሚዘረጋው ዝርዝር ኮምቦ ቦክስ ይባላል። የመጻፊያ ሣጥንና የመምረጫ ዝርዝር በአንድ ላይ ማለት ነው። ችግሩን ለማግኘት በፕሮፐርቲ ሰሌዳው ላይ አራት ነገሮችን መለየት ይበቃል። «ሮው ሶርስ» ዝርዝሩ ከየት እንደሚነበብ፣ «ባውንድ ከለም» ከተመረጠው መስመር የትኛው ዓምድ እንደሚቀመጥ፣ «ኮንትሮል ሶርስ» የተመረጠው የት እንደሚቀመጥ፣ «ሊሚት ቱ ሊስት» ደግሞ ከዝርዝሩ ውጭ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ ይወስናሉ። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ከአራቱ የሚመነጩ ናቸው።

1. «የጻፍከው ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ሲል

ይህ መልእክት የሚመጣው «ሊሚት ቱ ሊስት» «የስ» ሲሆን ነው። መልእክቱ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ስለዚህ ገደቡን ከማጥፋት በፊት ስሙ በእርግጥ አዲስ ነው ወይስ በሌላ አጻጻፍ ቀድሞ ገብቷል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቀድሞ ከገባ ከዝርዝሩ መምረጥ ነው።

አዲስ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ከአክሰስ 2007 ጀምሮ የመጣው «ሊስት አይተምስ ኤዲት ፎርም» የሚባለው ፕሮፐርቲ ነው። እዚያ ላይ የአባላት መመዝገቢያውን ፎርም ስም ከሰጡት፣ ያልታወቀ ስም ሲጻፍ አክሰስ ራሱ ጠይቆ ያንን ፎርም ይከፍታል። ሁለተኛው «ኦን ኖት ኢን ሊስት» በሚባለው ክስተት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ትእዛዙ ተጠቃሚውን ይጠይቅና ስሙን በአባላት ሰንጠረዥ ላይ ጨምሮ «ተጨምሯል» የሚል መልስ ለአክሰስ ይሰጣል። አክሰስም ዝርዝሩን እንደገና አንብቦ ይቀበላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙን ጨምሮ ይህን መልስ መስጠት ሲረሳ ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ ገብቶም መልእክቱ ይደገማል።

የመጀመሪያው ዓምድ ተደብቆ (ለምሳሌ የአባል ቁጥር) ስሙ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ገደቡን ማጥፋት አይቻልም፤ አክሰስ ራሱ ይከለክላል። ይህም ትክክል ነው፤ ቁጥር የሌለውን ስም በቁጥር ቦታ ሊያስቀምጥ አይችልምና።

2. «ለዚህ ቦታ የማይሆን ዋጋ ነው» ሲል

ስሙ ከዝርዝሩ ተመርጦ እንኳ ይህ መልእክት ከመጣ፣ የሚቀመጥበት ቦታ ቁጥር ሲጠብቅ «ባውንድ ከለም» ስሙን እየላከ ነው። ዝርዝሩ የአባል ቁጥርና ስም የያዘ ከሆነ «ባውንድ ከለም»ን 1፣ «ከለም ካውንት»ን 2 ማድረግ ነው።

3. በስም ፋንታ ቁጥር ሲታይ

«ከለም ዊድዝ» ላይ የመጀመሪያውን ዓምድ ስፋት 0 ማድረግ ይበቃል። ሁለቱም 0 ከሆኑ ግን ዝርዝሩ ባዶ ይመስላል።

4. አዲሱ ስም ፎርሙ ተዘግቶ እስኪከፈት ሳይታይ ሲቀር

ዝርዝሩ የተነበበው ፎርሙ ሲከፈት ነው። ጠቋሚውን ኮምቦ ቦክሱ ላይ አድርጎ ኤፍ 9ን መጫን፣ ወይም አዲሱ ስም ከተመዘገበ በኋላ የሚሠራ የ«ሪኩዌሪ» ትእዛዝ መጨመር ያስፈልጋል።

5. ወረዳው ተቀይሮ ቀበሌዎቹ ሳይቀየሩ ሲቀሩ

ወረዳ ሲመረጥ የዚያን ወረዳ ቀበሌዎች ብቻ የሚያሳይ ፎርም የተለመደ ነው። የወረዳው ኮምቦ ቦክስ «አፍተር አፕዴት» ላይ ሁለት ነገር ይደረጋል፤ ፊት የተመረጠውን ቀበሌ ባዶ ማድረግ፣ ከዚያም የቀበሌውን ዝርዝር ሪኩዌሪ ማድረግ። ባዶ ካልተደረገ የባሶ ሊበን ቀበሌ በጎዛምን ወረዳ ሥር ተመዝግቦ ይቀራል። ብዙ መዝገብ በተርታ በሚያሳይ ፎርም ላይ ደግሞ የሌሎቹ መስመሮች ቀበሌ ከዓይን ሊሰወር ይችላል። መረጃው አልጠፋም፤ በዚያች ቅጽበት ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ አይታይም እንጂ።

6. ጭራሽ አልጽፍም ሲል

ኮምቦ ቦክሱ «ሎክድ» መሆኑን፣ «ኢኔብልድ» «ኖ» መሆኑን፣ የፎርሙ «አላው ኤዲትስ» መዘጋቱን ማየት ነው። «ኮንትሮል ሶርስ» በእኩል ይሆናል ምልክት የሚጀምር ስሌት ከሆነ፣ ወይም ፎርሙ የቆመበት ኩዌሪ መታረም የማይችል ከሆነም አይጻፍበትም።

7. ከሁሉ የሚከፋው፦ ዝም ብሎ ሲቀበል

ከላይ ያሉት ሁሉ በመልእክት ወይም በዓይን ይታወቃሉ። ይህኛው ግን አይታወቅም። አባል ለመፈለጊያ ብለን ከፎርሙ አናት ላይ ያደረግነው ኮምቦ ቦክስ «ኮንትሮል ሶርስ» ካለው፣ ሰው ፈለግሁ ስንል የተከፈተውን መዝገብ ስም እየቀየርን ነው። የመፈለጊያ ኮምቦ ቦክስ «ኮንትሮል ሶርስ» ሁልጊዜ ባዶ መሆን አለበት።

የእኛው ፊደል ጉዳይ

የውጭ መጻሕፍት የማይነግሩን ችግር ደግሞ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ግን ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለማሽኑ ሁለት ቃል ናቸው። «ደብረ ማርቆስ»፣ «ደብረማርቆስ» እና «ደ/ማርቆስም» እንዲሁ ሦስት ይሆናሉ። በዩኒኮድ ባልሆነው በቀድሞው ቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ የቆየ መዝገብ ከሆነ ደግሞ ዓይን አንድ ነው ቢልም ከሥር ያለው ቁጥር ፈጽሞ ሌላ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በአባላት ሰንጠረዥ ላይ «መፈለጊያ» የሚባል አንድ ዓምድ ይጨመር። በ«ሪፕሌስ» ትእዛዝ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው ለውጦ፣ ክፍተቱንም አጥፍቶ እዚያ ያስቀምጥ። አዲስ ስም ሲመጣ በዚያው ሥርዓት ተለውጦ ከዚህ ዓምድ ጋር ይመሳከር፤ ተመሳሳይ ከተገኘ «ይህ ሰው ነውን?» ብሎ ይጠይቅ። እንደ «ገ/» ያለውን አሕጽሮት ግን ይህ አይፈታውም፤ ስም ሳያጥር በሙሉ እንዲጻፍ ደንብ ማውጣት ያስፈልጋል።

ዋናው የስም ዓምድ ግን እንዳይነካ። ሕግ እንዳጠና ሰው ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ስም መብት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 32 ጀምሮ ለስም ራሱን የቻለ ስፍራ ሰጥቶታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004ም የሰውን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ ያስራል። ለማሽን እንዲመች ብለን የሰውን ስም ብናቃና መዝገባችን ከመታወቂያው ጋር ይጣላል፤ ዳፋው የሚተርፈው ለባለ ስሙና ለወራሾቹ ነው።

ከሁሉ በላይ መዋጮ በስም ሳይሆን በአባል ቁጥር ይመዝገብ። በሁለቱ ሰንጠረዦች መካከል ያለው ግንኙነትም «ሪፈረንሻል ኢንተግሪቲ» እንዲያስከብር ይደረግ። ያኔ አንድ ሰው በፎርሙ ላይ ያለውን ገደብ ቢያጠፋ እንኳ ሰንጠረዡ ራሱ የሌለ አባል አልቀበልም ይላል።

የአክስቴ ልጅ አሁን እንዲህ አድርጎ ይሠራል። አዲስ ስም የሚጨምረው እሱ ብቻውን ሳይሆን የዕድሩ ዳኛ ባለበት ነው፤ ቀኑና የጨመረው ሰውም ይመዘገባል። ሴትዮዋም ገንዘቧን ተቀብላለች። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ደረሰኝ ያልያዙ ስንት አሉ? «ኮምፒውተሩ የለህም ይላል» ብሎ ባለ ጉዳይ ከመመለስ በፊት ስሙን በሌላው ፊደል መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።