«ካንስል አደረግኩት»፦ ከአገው ምድር እስከ ጋርላንድ

ባለፈው ቅዳሜ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ባለው ቤቴ ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ ወዳጄ «ቀጠሮውን ካንስል አደረግኩት» ሲል፣ አንድ አዛውንት እንግዳችን «አማርኛን ቴክሳስ ላይ ቀበራችሁት!» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል።

እንደሚታወቀው ግዕዝ ግሱን በአብዛኛው ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ቮልፍ ሌስላውን የመሳሰሉ ምሁራን ይህን ለውጥ የሚያያይዙት ከአገውኛና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር ነው። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አደረገ» የምንልበት ስልትም ከዚያው ይመደባል። እንግዲህ ወዳጄ «ካንስል»ን ያስገባው አገውኛ በከፈተው በር ነው!

ቃል መዋስማ ቀላሉ ነው። ባቡሩ ከፈረንሳይኛ «ለገሀር»ን አመጣልን። የጣሊያን ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ «ጎማ»ና «ፍሬን» ግን ከእኛው ጋር ቀሩ። አማርኛ በዚህ አልሞተም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ልጄ ቡናውን ስታቀርብ እኚሁን አዛውንት «ስኳር ትፈልጋለህ?» አለቻቸው። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ ልዩነቱን ከየት ታምጣው? አዛውንቱ አሁን አልተቆጡም፤ ዝም አሉ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከሥራ ደክሜ ስገባ በእንግሊዝኛ የምመልስላት እኔ ነኝ። አገዎች አማርኛን የለወጡት እየተናገሩት ነው። ልጆቻችንም ይለውጡት፤ መጀመሪያ ግን ይናገሩት እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።