ኢንተርኔት ወደ ጋምቤላ በየት በኩል መጣ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም በከፊል በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሷት ጥያቄ አለች፦ «ቲቸር፣ እኛ ጋ ኔትወርክ ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?» የታሪክ አስተማሪ አይደለሁ፣ ከሩቅ ልጀምር።

ጋምቤላ ድሮ የዓለም ዳርቻ አልነበረችም። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1949 ነው። የእኛ በር ወደ ምዕራብ ነበር ማለት ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም የስልክ መስመር ግን የተዘረጋው በተቃራኒው፣ በአዲስ አበባና በሐረር መካከል ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር። ሽቦ እንደ ነጋዴ ነው፣ ገበያ ወዳለበት ይሄዳል። የወንዙ ንግድ ሲቆም ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች የመንገድ መጨረሻ ሆና ቀረች።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በጥር 1989 ነው፤ ያኔ በስልክ መስመር እየደወሉ ነበር። ወደ ገጠር የመጣው ግን በመሬት ሳይሆን በሰማይ ነው። በ1990ዎቹ መንግሥት ወረዳኔትና ስኩልኔት የሚባሉ ፕሮጀክቶችን ጀመረ። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ የሳተላይት ሳህኖች ተተከሉ።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ እኛ ግማሹ አኙዋክኛ፣ ግማሹ ኑዌርኛ፣ ግማሹ አማርኛ እያሰብን እንከታተላለን (ሂሳቡ ሦስት ግማሽ ሆነብኝ፣ ግን እውነቱ እንደዚያ ነበር)። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ፤ ስርጭት ነዋ፣ «እስቲ ድገምልን» አይባልም። ወረዳኔት ግን መናገርም መስማትም ያስችል ነበር። የምንሰማው በቪዲዮ ስብሰባ ሲካሄድበት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ተማሪው የሚሰማበት፣ ቢሮው የሚነጋገርበት ቴክኖሎጂ ተሰጣቸው። በእኔ እምነት ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው የሚለው ጉዳይም ነው።

ሳተላይቱ ራሱ ችግር አለበት። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚቀመጥ መልእክቱ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከባድ ዝናብም ምልክቱን ያዳክመዋል። የጋምቤላን ክረምት ለምታውቁት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በኋላ ፋይበርና የሞባይል ማማ መጣ። በ2005 ዓ.ም ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ስምምነት ተፈረመ፤ በመጋቢት 2007 አዲስ አበባ 4ጂ ጀመረች። ማማ ግን ኃይል ይፈልጋል፣ ጀነሬተር ነዳጅ ይፈልጋል፣ ነዳጅ መንገድ ይፈልጋል። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። የጆር ወይም የአኮቦ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል በኮምፒውተር ይፈተን ሲባል ይሄ ሁሉ አብሮ ይቆጠር። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው በፈተናው ሰሞን ከሆነ የምንለካው ፊዚክስ አይደለም።

በፕላዝማ የተማራችሁ የጋምቤላ ልጆች፣ ትምህርት ቤታችሁ ያለው ሳህን አሁንም ቆሟል? ፎቶ ያላችሁ ከዚህ በታች አስቀምጡልኝ፣ ለክፍል ውስጥ ማስተማሪያ እፈልገዋለሁ።