ኪኑዮ ታናካ፤ ከካሜራው ፊትና ኋላ

ስለ ጃፓን ሲኒማ ስንጨዋወት ኩሮሳዋ፣ ኦዙ፣ ሚዞጉቺ እያልን የወንዶቹን ስም እንደረድራለን። ኪኑዮ ታናካ ላይ ስንደርስ ግን «የሚዞጉቺ ተዋናይት» ብለን ማለፍ ይቀናናል። ይኼ አባባል ሴትዮዋን አይገልጻትም።

ታናካ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሺሞኖሴኪ ከተማ ተወለደች። በ14 ዓመቷ ሾቺኩ በሚባለው የፊልም ኩባንያ ተቀጠረች። በ1931 ጃፓን የመጀመሪያውን ሙሉ ድምፅ ያለው ፊልም ስትሠራ ሚስቲቱን ሆና የተጫወተችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ እንደ ገዛ እኅቱ ያያት ጀመር። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1949 መጨረሻ ገደማ ለበጎ ፈቃድ ጉብኝት ወደ አሜሪካ ሄደች። ስትሄድ ኪሞኖ ለብሳ ነበር። በጥር 1950 ስትመለስ ግን የፈረንጅ ልብስ ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ሊቀበላት ለወጣው ሕዝብ እጇን እየሳመች ሰላምታ ላከች። በቃ! ጋዜጣው ሁሉ ተነሣባት፤ አሜሪካዊት ሆና መጣች ተባለ። ልብ እንበል፤ ያኔ አገሪቱ በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች። ጦሩን በግልጽ መንቀፍ ከባድ ነው፤ አንዲት ተዋናይት መስደብ ግን ምን ያስፈራል?

በ1952 ሚዞጉቺ «የኦሃሩ ሕይወት»ን አሠራት። ኦሃሩ ከቤተ መንግሥት ደንገጡርነት ወርዳ፣ ወርዳ፣ መንገድ ላይ ገላዋን እስከ መሸጥ የደረሰች ሴት ናት። ፊልሙ ቬኒስ ላይ ተሸለመ፤ የታናካም ስም ታደሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በረካ። እሷ ግን ፊልም ላዘጋጅ ብላ ተነሣች። ከእሷ በፊት በጃፓን የልብ ወለድ ፊልም ያዘጋጀች ሴት ታዙኮ ሳካኔ ብቻ ነበረች። ሐሳቧን የተቃወመው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ሚዞጉቺ! ናሩሴ ግን ረዳቱ አድርጎ ሙያውን አሳያት፤ ኪኖሺታም የፊልሙን ድርሰት ጻፈላት።

«የፍቅር ደብዳቤ» በ1953 ወጣ። ከጦርነት የተመለሰ አንድ ሰው አለ። እንጀራው የጃፓን ሴቶች ለአሜሪካውያን ወታደር ወዳጆቻቸው የሚልኩትን የገንዘብ ልመና ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። አንድ ቀን ለዓመታት ሲፈልጋት የኖረችው የወጣትነት ፍቅሩ እንዲሁ ልታስጽፍ መጥታ ድምፅዋን ይሰማል። ተከትሎ ይደርስባታል፤ ያዋርዳታል። እንግዲህ ይህን ያዘጋጀችው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ራሷ በአሜሪካ ስም የተሰደበች ሴት ናት! ፊልሙ ሰውየውን ጻድቅ አያደርገውም፤ የገዛ ጓደኛው እንኳ ይገሥጸዋል።

እስከ 1962 አምስት ሌሎች ፊልሞች አዘጋጀች። ከነዚህም አንዱ በጡት ካንሰር ስለሞተችው ባለቅኔ ፉሚኮ ናካጆ ነው። ትወናውንም አልተወችም።

በ1974 «ሳንዳካን ቁጥር 8» ላይ፣ በልጅነቷ ቦርኔዮ ለሴተኛ አዳሪ ቤት የተሸጠችን አሮጊት ሆና ሠራች፤ በዚሁ ሥራ በ1975 በርሊን ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አገኘች። በ1977 ዐረፈች። በዚያ ፊልም መጨረሻ፣ ቦርኔዮ ጫካ ውስጥ የተሸጡት ሴቶች መቃብር ይታያል፤ ሁሉም ጀርባቸውን ለጃፓን ሰጥተዋል።