ከባድ ጭነትና ጠባብ መንገድ፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ቪዲዮ ፋይል

በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በኢትዮጵያ የእጅ ሥራና የቴክኒክ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ያሉትን አውሮፓውያን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰልፈው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናትና። ከዚያ ከወጡት ሥራዎች ሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን ለሚመለከተው ሰው፣ ታላቁ ፈተና የተጀመረው መድፉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር የተነሣው ጭነት መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሲሆን፣ ግማሽ ዓመት ገደማ የፈጀው ጉዞ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች የሚያቋርጥ መንገድ እየተጠረገ የተፈጸመ ነበር።

ጭነት ከመንገድ ሲበልጥ መፍትሔው ከሁለት አይወጣም፤ ወይ መንገዱን ማስፋት፣ ወይ ጭነቱን መቀነስ ነው። መድፍ ተቀንሶ መድፍ ሊሆን ስለማይችል ንጉሠ ነገሥቱ የነበራቸው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ወደ ቁጥር የለወጡ መሐንዲሶች ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ግን ሁለተኛው መንገድ ተከፈተላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ግንኙነት አማካሪ ኮሚቴ ለዲጂታል ቴሌቪዥን ሥዕል ባወጣው ደንብ፣ ሙሉው የሥዕል ፍሰት በሰከንድ 216 ሜጋ ቢት ነው። ይህ ሲሰላ በሰዓት 97 ጊጋ ባይት ይሆናል። 650 ሜጋ ባይት የሚይዝ አንድ ሲዲ ከዚህ ፍሰት 24 ሰከንድ ብቻ ይችላል ማለት ነው።

ለችግሩ መፍቻ የሆነው የሒሳብ ስልት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1974 በናሲር አሕመድና በሁለት ባልደረቦቻቸው ታትሞ ነበር። ስልቱ ሥዕልን ወደ ሻካራና ረቂቅ ዝርዝሮች ይከፋፍላል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን የማያስተውለው ረቂቅ ዝርዝር ሊጣል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ኤምፔግ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን በዚህ ላይ ሌላ ዘዴ ጨመረበት። ይኸውም ተከታታይ ሥዕሎች በአብዛኛው ስለሚመሳሰሉ፣ ሁሉንም ደጋግሞ ከመጻፍ ይልቅ የተለወጠውን ብቻ መመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቪሲዲ በዚህ ስልት የሥዕሉን ፍሰት ወደ 1.15 ሜጋ ቢት አውርዶ 74 ደቂቃ የሚታይ ሥዕል ከነድምፁ በአንድ ሲዲ አስቀመጠ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልሞች በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጹ በቪሲዲ ለሕዝብ ይሸጡ ነበር። የ90 ደቂቃ ፊልም ለሁለት ሲዲ የሚከፈለው ከላይ በተገለጸው ስሌት ምክንያት ነው። ዲቪ የተባለው ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ በሰዓት 13 ጊጋ ባይት ያህል ይፈልጋል። ፋት 32 በሚባለው አደረጃጀት የተዘጋጀ ዲስክ ደግሞ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ቅጂው 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይቋረጣል።

ዛሬም በደብረ ታቦር ሆነ በአዲስ አበባ፣ የሰርግ ወይም የጥምቀት ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ባለሙያን የሚያስገርመው፣ ይቀንሳል ብሎ የለወጠው ፋይል ከመነሻው ገዝፎ መገኘቱ ነው። ምክንያቱ ግን ምሥጢር አይደለም። የፋይል መጠን የሚወሰነው የቢት ፍሰቱ በጊዜው ርዝመት ተባዝቶ ነው፤ መነሻው 2 ሜጋ ቢት ሆኖ ሳለ መለወጫው በ8 ሜጋ ቢት ከታዘዘ ውጤቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች 264 የታመቀውን ወደ ቀድሞው ኤምፔግ 2 መመለስም፣ ጥራቱን ለመጠበቅ ከተፈለገ፣ መጠኑን ያሳድገዋል። ትንሹን ሥዕል ማስፋት አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ቢት ግን ይበላል። በአሮጌ ካሴት ላይ የሚንቀጠቀጠው ነጠብጣብ ከሥዕል ወደ ሥዕል ስለሚለያይ፣ መሣሪያው እንደ አዲስ ነገር ቆጥሮ ይመዘግበዋል። ድምፁም አይረሳ፤ ያልታመቀ ባለሁለት መስመር ድምፅ በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ስለሚወስድ ከቪሲዲው ሥዕል ይበልጣል። የፋይሉን መያዣ ከኤቪአይ ወደ ኤምፒ 4 መለወጥ ብቻውንም ማመቅ አይደለም፤ ከረጢቱ እንጂ እህሉ አልተለወጠምና።

ስለዚህ ፍተሻው ከመድረሻው ይጀምራል። የ2 ሰዓት ፊልም በ4 ጊጋ ባይት እንዲገባ ከተፈለገ፣ ለሥዕልና ለድምፅ በአንድነት የሚፈቀደው ፍሰት 4.4 ሜጋ ቢት ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ ነጠብጣቡን ማጥራት፣ የሥዕሉን ስፋት እንደ መነሻው መጠበቅ፣ ድምፁን ማመቅ ተራ በተራ ይከተላሉ።

ሆኖም ከመጠኑ የሚብስ አደጋ አለ። በማመቅ የተጣለ ዝርዝር ተመልሶ አይገኝም፤ የታመቀው እንደገና ሲታመቅም ጉድለቱ ይደራረባል። ቦታ ለማትረፍ ሲባል ዋናው ካሴት ወይም ፋይል በተደመሰሰ ቁጥር የአንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም የአንድ አገር ትውስታ አብሮ ይቀጥናል። ያለፉት አባቶች ፊትና ድምፅ የቀረው በዚያ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

የሴባስቶፖል ዕጣ በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። ዋናው መድፍ ዛሬም በመቅደላ አምባ ይገኛል፤ መንገደኛው ሕዝብ የሚያየው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያውን ነው። የቪዲዮ ባለሙያም እንዲሁ ለመንገዱ የሚመጥነውን ቅጂ አዘጋጅቶ ይላክ፤ ዋናውን ግን በሙሉ ክብደቱ በስፍራው ያኑረው።