የአንድ ወጣት ሰባኪ የደረት ስም ሰሌዳ
ጥቁር ፕላስቲክ፣ ነጭ ጽሕፈት፤ ጃፓን

መንበሯ በዩታ፣ በሶልት ሌክ ሲቲ የሆነው፣ በተለምዶ ሞርሞን የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለስብከት የምትልከው ወጣት ይህን ሰሌዳ በነጭ ሸሚዙ ላይ ያደርጋል፤ የሚጻፍበትም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ሌላ «ኤልደር» የሚለው የክህነት ማዕርግና የቤተሰቡ ስም ብቻ ስለሆነ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ለሁለት ዓመት ከሰው አፍ ይርቃል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ልኡካን በሂበር ጄ. ግራንት መሪነት ጃፓን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ በ1924 የተዘጋው ተልእኮ በ1948 እንደገና ተከፈተ።

ወጣቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ከጸሎት፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ንባብና ከቋንቋ ጥናት በኋላ፣ ጌታ ሐዋርያትን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላከ ሁሉ፣ ከማይለየው ባልንጀራው ጋር ብዙ ጊዜ በብስክሌት ይወጣል፤ ደመወዝ የለውም፣ ወጪውንም የሚሸፍነው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። ክርስቲያኖች ከመቶ ሁለት እንኳ በማይሞሉበት አገር፣ ገና በሚማረው ቋንቋ የማያውቀውን ሰው ደጅ ማንኳኳት፣ በትሕትና ሲመልሱትም አመስግኖ ወደሚቀጥለው ደጅ መሄድ፣ ሃይማኖቱን የማይቀበል ሰው እንኳ ሊያከብረው የሚገባ ትዕግሥት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ናፍቆት ሳይሆን አይቀርም፤ ለረጅም ዘመን ወላጆቹን በስልክ የሚያነጋግረው በገና በዓልና በእናቶች ቀን ብቻ ነበርና፤ በሌላው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ልብሱን በሚያጥብበትና አስቤዛውን በሚገዛበት የዝግጅት ቀን፣ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በየሳምንቱ እንዲደውል የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ነው።