የበረዶ ሠሪዎቹ ደረቅ ጭድ

በሕንድ አገር፥ ዛሬ ፕራያግራጅ በምትባለው በአላሃባድ፥ የአየሩ ብርድ ብቻውን ውሃ የማያረጋ ሆኖ ሳለ በረዶ በሌሊት ይሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ሰር ሮበርት ባርከር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1775 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ ሠራተኞቹ ጥልቀቱ ሁለት ጫማ ያህል የሆነ ሰፊ ጕድጓድ ይቈፍራሉ፤ ወለሉንም በደረቀ የሸንኮራ ወይም የበቆሎ አገዳ ያለብሳሉ፤ በላዩም ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህኖች ደርድረው ፈልቶ የበረደ ውሃ ይጨምሩባቸዋል። ሌሊቱ የጠራና ጸጥ ያለ፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ጤዛው ጥቂት ከሆነ፥ ፀሓይ ሳትወጣ በረዶውን ይሰበስባሉ።

ምክንያቱ የውሃው መትነን ነው የሚሉ ነበሩ። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ ግን በ1814 ስለ ጤዛ ባሳተመው ድርሰት ይህን ተቃወመ፤ መትነን ቢሆንማ ነፋስ ሥራውን በረዳው ነበር፥ ነገር ግን ያሰናክለዋል። እንደ እርሱ አባባል ውሃው ሙቀቱን በጨረር ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል፤ ከታች የሚመጣውን የምድር ሙቀት ደግሞ ጭዱ ይከለክላል። (የደጋ ገበሬም ውርጭን የሚፈራው ደመናና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሆኑን አንባቢ ያውቃል።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጭዱ ነገር ነው። ሠራተኞቹ ጭዱ በረጠበ ጊዜ አውጥተው በደረቅ ይለውጡት ነበር። ዌልስ፥ እርጥብ ጭድ ስለሚጠቀጠቅ ሙቀት ያሳልፋል አለ። ጆን ቲንዳል በ1863 በታተመው መጽሐፉ ይህን ሳይነቅፍ፥ ከእርጥቡ ጭድ የሚነሣው ተን በሳህኖቹ ላይ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ የጨረሩን መውጣት ያግዳል ሲል ጨመረበት። ሊቃውንቱ በየጊዜው ትርጓሜውን ሲያርሙ፥ ሥራው ግን ምንም እርማት አላስፈለገውም።

ይኸው ነገር በዘመናችን ወደ ሕንፃ ጣራ ወጥቷል። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስዋት ራማንና ባልደረቦቹ በ2014 የሠሩት ስስ ልባስ የፀሓይን ብርሃን 97 በመቶ እየመለሰ፥ የራሱን ሙቀት አየር በሚያሳልፈው፥ ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ባለው ጨረር ስለሚሰድድ፥ በቀትር ፀሓይ ከአካባቢው አየር በ4.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ተገኘ። በ2017 ደግሞ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ሥር ውሃ አሳልፈው ከአካባቢው አየር እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ አድርገው አበረዱት። ይህ ውሃ የሕንፃው ማቀዝቀዣ ሙቀቱን የሚጥልበትን ክፍል ሲያበርድ የመጭመቂያው ድካም ይቀንሳል፤ በላስ ቬጋስ ላለ ባለ ሁለት ፎቅ ቢሮ በስሌት የተገመተው የበጋ ቍጠባ ለማቀዝቀዣ ከሚውለው ኤሌክትሪክ 21 በመቶ ነው።

ላስ ቬጋስ ግን የበረሃ ከተማ ናት። አየሩ እርጥበት በሞላበት ጠረፍ የሰሌዳው ኃይል እጅግ ይደክማል፤ በዚያ ጭዱን እንደ መለወጥ ያለ መድኃኒት የለም።