ገመዱ ከቀረ ወዲህ፦ የነዳጅ መስጫው ታሪክ ከካርቡሬተር እስከ ኮምፒውተር

ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት በሚወስደው የቀለበት መንገድ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ፣ መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ ቆሞ መንገዱ ድንገት ሲከፈት አሮጌና አዲስ መኪና ይለያሉ። የሠላሳ ዓመቷ ዲኤክስ ነዳጅ መስጫው ገና ሲነካ ጭሷን ለቃ ትነሳለች። የትናንቷ መኪና ግን ተረግጣም ለአፍታ ታመነታለች። ከኋላ ጥሩምባው ይቀልጣል፤ ሾፌሩም «ጉልበት የላትም» ብሎ ይደመድማል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከእግር ወደ ሞተር የሚሄድበት መንገድ ተለውጧል። ይህን ለውጥ ያልተረዳ ባለመኪና ገንዘቡን ሲበትን ይኖራል።

በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ ሲገቡ በሾፌሩና በሞተሩ መካከል ምስጢር አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙ መኪኖች ነዳጅ የሚሰጣቸው በእጅ በሚገፋ ዘንግ ነበር። በኋላ ሥራው ወደ እግር ወረደ፤ ፔዳሉና ሞተሩ በዘንግ ወይም በቀጭን የብረት ገመድ ተያያዙ። እግር ሲጫን ገመዱ ይሳባል፣ ገመዱ ሲሳብ አየር ማስገቢያው ላይ ያለችው ክብ ክዳን ትከፈታለች። ያለቀ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ መካኒክ ሙያውን የተማረው በዚህ ዘመን ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። ከፊያት ሰይቼንቶ እስከ ፔጆ 404፣ ከላዳ ታክሲ እስከ ዲኤክስ ድረስ ያለው ሁሉ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ፣ በጣት የሚዳሰስ ነበር። ገመዱ ከላላ ይጠበቃል፣ ካርቡሬተሩ ከቆሸሸ ይታጠባል። ለባህር ጠረፍ የተሠራ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ አብዝቶ ሲያጨስም መካኒኩ ልኩን ቀንሶ ያስተካክለው ነበር። ያ ትውልድ ቴክኖሎጂውን ባይፈጥረውም የራሱ አድርጎታል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቢኤምደብሊው በ7 ሲሪየስ መኪናው ላይ ገመዱን አስወገደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶዮታም በሌክሰስ መኪኖቹ በዚያው መንገድ ገባ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አሠራሩ እስከ ትንንሽ የቤት መኪኖች ወረደ። አሁን ፔዳሉ ሥር ያሉት ሁለት ሴንሰሮች ናቸው። እግሩ ምን ያህል እንደተጫነ እንደ ሁለት ምስክር ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ። ኮምፒውተሩ ቃላቸውን አመሳክሮ፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የማርሹን ሁኔታና የጭሱን ንጽሕና አይቶ፣ ክዳኗን በትንሽ ሞተር ይከፍታታል። ምስክሮቹ ከተለያዩ መኪናዋን በአቅም ማነስ እንድትጓዝ ያደርጋል።

እንግዲህ የእግር ትእዛዝ አቤቱታ ሆኗል ማለት ነው። የአንዳንዱ መኪና መዘግየትም ብልሽት አይደለም። ነዳጅ እንዲቆጥብ፣ ጭሱ እንዲቀንስ፣ ካምቢዮው እንዳይደነግጥ ተብሎ በፋብሪካው ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው።

አቤቱታ ሰሚው ቢሳሳትስ? ይህን ጥያቄ አሜሪካ በውድ ዋጋ ጠይቃዋለች። እ.ኤ.አ. በ2009 እና 2010 «ሳንረግጣቸው ይፈጥናሉ» የሚል አቤቱታ በዝቶ ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የናሳን መሐንዲሶች አስገብቶ አስመረመረ። በ2011 የወጣው ውጤት ጥፋቱን በኤሌክትሮኒክሱ ላይ አላገኘም፤ የተገኙት የሜካኒክ ችግሮች ፔዳሉን የሚይዘው የወለል ምንጣፍና ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል ነበሩ። በ2013 ግን አንድ የኦክላሆማ ዳኝነት ጉባኤ የሶፍትዌር ባለሙያ ምስክርነት ሰምቶ በአንድ የካምሪ አደጋ ቶዮታን ተጠያቂ አደረገ። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለ ደህንነት ጉድለቶቹ ሕዝብን አሳስቷል ተብሎ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከክርክሩ ለእኛ አገር የሚተርፈው ቁም ነገር ማን ረታ የሚለው አይደለም። ኮዱን ከፍቶ ማንበብ የሚችል ሦስተኛ ወገን መኖሩ ነው። በዚያው አገር የማሳቹሴትስ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2012 አምራቾች የምርመራ መረጃን ለውጭ ጋራዦችም እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ በድምፃቸው አጽድቀዋል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጅ ያጣል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን በአየሩ ልክ ይመጥናል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም። ወረቀቷ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት መኪና ኮልፌ ላይ 80 እንኳ ላይኖራት ይችላል።

ስለዚህ «ትንቀራፈፋለች» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት በሽታ ይዟል፦ የአየሩ ስስነት፣ የቆሸሸ ወይም ያረጀ ዕቃ፣ በፋብሪካ የተጻፈ ዝግታ። መለያው ቀላል ነው። ነፃና አስተማማኝ መንገድ ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ። ያኔ ደህና ከሮጠች ጉልበቱ አለ፣ የዘገየው ትእዛዙ ነው፤ የኢኮ ቁልፉ በርቶ እንደሆነ ማየት ይቀድማል። እስከ ወለሉ ተረግጣም ከተጎተተች ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ጋ አይደለም። ተራው የአየር ፊልትሮው፣ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ፣ የካንዴላው፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የሚይዝ ፍሬንና የካምቢዮው ነው። ጥላሸት የያዘችው የአየር ክዳን ስትጸዳም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ለእሷ በተሠራ ፈሳሽ፣ በጣት ሳትገፋ መሆን አለበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ አዲሱን ልክ እንዲማር ካልተደረገ ሚኒሞው ሊበላሽ ይችላል።

በዚህ መሐል ፔዳሉ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ሳጥን ገበያ ላይ አለች። ሾፌሩ ሩብ ሲረግጥ «ግማሽ ረግጧል» ብላ ለኮምፒውተሩ የምትነግር ናት። መኪናዋ የነቃች ትመስላለች፤ የተጨመረ ጉልበት ግን የለም። በተጨናነቀ መንገድ ላይ መኪናዋ በትንሽ ንክኪ ትዘላለች፣ እግረኛ አጠገብ ይህ ቀልድ አይደለም። ከሁሉ በላይ በሁለቱ ምስክሮችና በዳኛው መካከል አስተርጓሚ ሆና መግባቷ ነው።

ሳያነቡ ዕቃ መቀየርም ከዚህ አይሻልም። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለው ለጋራዥም ይሠራል። ኮዱን በስካነር አንብቦ፣ የሁለቱን ሴንሰሮች ቁጥር ጎን ለጎን አይቶ የሚፈርድ መካኒክ የሚያስከፍለው የእጅ ዋጋ፣ በግምት ከተገዛ አንድ ሴንሰር ይረክሳል።

ጉዳዩ ከአንድ ባለመኪና ኪስ ያልፋል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይጎዳውም፤ በዚህ በኩል ለአዲስ አበባ የተገባ ነው። ነገር ግን ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ የኮድ ጉዳይ ነው። መኪናዋ ብትዘገይ የሚፈታ ካርቡሬተር፣ የሚጠበቅ ገመድ የላትም።

የካርቡሬተሩ ትውልድ መኪናን የራሱ ያደረገው ከፍቶ ማየት ስለቻለ ነው። አዲሱ ትውልድ ያንን ዕድል የሚያገኘው አስመጪው ከመኪናው ጋር የጥገና መመሪያውንና የምርመራ ሶፍትዌሩን እንዲያቀርብ ሲገደድ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ከመፍቻው እኩል ስካነሩን ሲያስይዙ ነው። አለዚያ አገሪቱ መኪናውን ትገዛለች፣ ነዳጅ መስጫውን ግን ሌላ ሰው ይረግጠዋል።